ከማን ጋር ነው የምትበላው?

ግፊቴም ስኳሬም ከፍ ማለቱን ሐኪሟ የነገረችኝ ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች ነው። ወጣት ናት፤ ልጄን ታክላለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ብቻ በር ላይ የሚጠብቃት በሽተኛ ብዙ ነበር። ኪኒን አዘዘችልኝ። ጨው እንድቀንስ፣ ጣፋጭና ነጭ ዳቦ እንድተው፣ በእግሬ እንድሄድ ነገረችኝ። እሺ እያልኩ አንገቴን ነቀነቅሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ከነገረችኝ ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው "ዕድሜ ልክ" የሚለው ብቻ ነበር። ኪኒኑ ዕድሜ ልክ ነው ብላ ነበርና።

ለልጄ ደወልኩላት። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፤ እዚሁ በስደቱ አገር ተወልዳ ያደገች፣ ጎረቤት ከተማ ሴንት ፖል የምትኖር። በአማርኛ ነገርኳት፤ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ።

"ዳድ፣ ኢትስ ኦኬ። ኤቭሪባዲ ሃዝ ኢት።"

የሌለበት ሰው የለም ማለቷ ነው። ልታጽናናኝ ነበር። እኔን ግን ያ አላጽናናኝም። ሰው ሁሉ ያለበት በሽታ ሲይዝህ የሚያዝንልህም ያጥርሃል።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ስለምግብ አስቤ አላውቅም ነበር። ስገባ ገበታው ቀርቦ ይጠብቀኛል፤ ታጥቤ እቀመጣለሁ። እሷ ካረፈች በኋላ ሪችፊልድ ያለው አፓርታማዬ ውስጥ ምድጃው ወደ ጠረጴዛነት ተለወጠ። የመኪና ቁልፍ፣ የፖስታ ቤት ወረቀት፣ ጓንትና ኮፍያ የማስቀምጠው እሱ ላይ ነበር። ሥራዬ ኤርፖርት ላይ ሰው ማመላለስ ነው። ጠዋት ከነዳጅ ማደያ ዶናት እገዛለሁ። ቀን ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ሾፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ ሳምቡሳ በሶዳ አወርዳለሁ። ማታ ያገኘሁትን ከወረቀት ከረጢት እያወጣሁ፣ ቲቪ እያየሁ እበላለሁ። እየነዳሁ የበላሁት ተቀምጬ ከበላሁት ይበልጥ ነበር።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው በዚያ ጊዜ ነው። በረዶው በጠነከረበት አንድ ጠዋት ከኤርፖርት የጫንኳቸው ተሳፋሪ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ሪዝ ያላቸው ህንዳዊ። በስስ የጥጥ ልብስ ላይ ጉልበታቸው የሚደርስ ወፍራም የብርድ ካፖርት ደርበዋል። ሻንጣቸውን ከኋላ ስጭን የሥራ ሥርና የዘይት ሽታ አወደኝ። እንደ ፈረንጅ ከኋላ አልገቡም፤ እንደኛ አገር ሰው ከፊት አጠገቤ ተቀመጡ። ቀበቷቸውን አስረው ሳይጨርሱ ዓይናቸው መጠጫ ማስቀመጫው ላይ ያለውን የኪኒን ብልቃጥ አየ።

"ያንተ ነው?"

"አዎ።"

"ስኳር?"

"ስኳርም፣ ግፊትም።"

"ይሄስ?" አሉ የዶናቱን ካርቶን በጣታቸው እየጠቆሙ።

"ቁርሴ ነው።"

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ በሰባት የተከፈለች ትንሽ የኪኒን ሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። "እኔም አለብኝ" አሉ።

በመንገዳችን ላይ የአዩርቬዳ ሐኪም መሆናቸውን ነገሩኝ። አዩርቬዳ ህንዶች ከጥንት ጀምሮ በምግብ፣ በሥራ ሥር፣ በዘይትና በአኗኗር የሚታከሙበት ጥበብ ነው። "አገሬ ሐኪም ነበርኩ፤ ኬራላ፣ ደቡብ ህንድ። እዚህ ግን ሐኪም አይደለሁም። ስለ ምግብና ስለ ዘይት እመክራለሁ፤ ሌላ አላደርግም" አሉኝ። ከሌክ ስትሪት ገባ ብሎ ካለ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር ክፍላቸው። ደረጃው በረዶ ስለነበረበት ሻንጣቸውን ተሸክሜ አደረስኳቸው። በሩ ላይ ቆመው "ማክሰኞ ና፤ ባዶ ሆድህን" አሉኝ። ለምን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ቀን ቆርጦ ና ያለኝ ሰው ስለጠፋ ይሆናል።

ማክሰኞ ሄድኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከእንጨት የተሠራ የመታሻ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ መደርደሪያ ሙሉ ጠርሙስ። ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙ። ሦስት ጣታቸውን አንጓዬ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክሊኒክ ውስጥ ማሽኑ ክንዴን ጨምቆ ቁጥሩን አውጥቶ ይለቀኛል። እሳቸው ግን አልቸኮሉም። የራዲያተሩ ድምፅ ይሰማኛል፤ ከታች የልብስ ስፌት መኪናው ይንጣጣል። ጣቶቻቸው ይሞቃሉ። መጀመሪያ ላይ አፈርኩ። ቀጥሎ፣ ሰው እንዲህ እጄን ይዞ የተቀመጠው መቼ ነበር ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንጨባበጣለን፤ ትከሻ ለትከሻ እንገጫጫለን። ይሄ ግን ሌላ ነው። የያዙትን እጅ ለመስማት ነው የያዙት።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ምላሴን አሳየኋቸው። ከዚያ ጥያቄ ሆነ። ስንት ሰዓት ትነሳለህ? ምን ያናድድሃል? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ቀዝቃዛ ነው ትኩስ የምትጠጣው? ሁሉንም መለስኩ። በመጨረሻ፦

"ከማን ጋር ነው የምትበላው?"

"ማለት?"

"ስትበላ፣ ፊት ለፊትህ የሚቀመጠው ማነው?"

የመኪናው መሪ ነው ልል ነበር፤ አላልኩም። "ብቻዬን ነኝ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ምግቡን ያዝዙልኝ ጀመር። ዋናው ምግቤ ቀን ላይ፣ ራቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ቀላል ነገር። በረዶ ያለበት መጠጥ ቀረ። ማሾ በእርድ፣ በዝንጅብልና በከሙን ተቀቅሎ። ካሬላ የሚሉት፣ ኪያር የሚያህል፣ ቆዳው እንደ አዞ የተጨማደደ መራራ አትክልት፤ ተቆራርጦ፣ ተጠብሶ፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ። ማታ ውኃ ውስጥ የሚዘፈዘፍ፣ ጠዋት የሚጠጣ ቢጫ ፍሬ ከጠርሙስ አውጥተው መዳፌ ላይ በተን አደረጉልኝ። አሸተትኩት።

"ይሄማ አብሽ ነው!" አልኩ በአማርኛ።

"አብሽ" አሉ እሳቸውም እየደገሙ። ቃሉ ደስ አላቸው መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ አብሽ እንጂ ሌላ ስም አልጠሩትም።

"ኪኒንህን አታቆምም። ምን ምን እንደምትበላ ለሐኪምህ ትነግራታለህ። እና አንድ ነገር ልብ በል" አሉኝ ሲሸኙኝ፤ "ከሰው ጋር ብላ። ብቻውን የሚበላ ሰው ወይ ይቸኩላል ወይ ይበዛበታል።"

ማሾው፣ ከሙኑ፣ ካሬላው ከህንዶቹ ሱቅ ይገኛል። ሰው ነው የቸገረኝ።

ምድጃዬ ላይ ያለውን ሁሉ አነሳሁና መቀቀል ተለማመድኩ። የመጀመሪያው ማሾ አረረ። ሁለተኛው ውኃ ሆነ። ሦስተኛውን ልጄ ቅዳሜ መጥታ እንድትቀምስ ጠራኋት። መጣች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ስልኳ ጮኸ። ሳህን አቀረብኩ፤ ካሬላውን ቀመሰች፤ ፊቷ ተጨማደደ።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ። ዋይ ኢዝ ኢት ሶ ቢተር?"

"መድኃኒት ነው።"

"ኢዝ ዚስ ሰውዬ ኢቭን ላይሰንስድ?"

ፈቃድ አለው ወይ ነው። ሐኪም ነኝ እንዳላሉኝ፣ ኪኒኔንም አቁም እንዳላሉኝ አስረዳኋት። የተዋጠላት አልመሰለኝም፤ ሳህኗ ላይ ያለውን ማሾ ግን ጨረሰችው። "ዚስ ዋን ኢዝ ጉድ" አለች። ደስ አለኝ። ስልኳ እንደገና ጮኸ፤ የሥራ ነገር ነው፤ ተነሳች፤ ግንባሬን ሳመችኝና ሄደች። ለሁለታችን ብዬ ካበሰልኩት የተረፈው ድስት ውስጥ ቀረ። ጥፋት የላትም። በዚህ አገር ሰው የሚያረጀው እየሠራ ነው፤ የሚወደውም እየቸኮለ ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት አብረን እንበላለን። ከሰው ጋር መብላት ከሆነ ይሄው ሰው ሞልቷል ብዬ ማሾዬን በዕቃ ይዤ ገባሁ። ሩዙ፣ ላዛኛው፣ ለስላሳው ተደርድሯል። ከጎኔ የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ዕቃዬን አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"የህንድ መድኃኒት?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ወንድሜ፣ መንፈስ እንዳይኖርበት ተጠንቀቅ።"

"ማሾ ነው እኮ። እርድና ዝንጅብል።"

"ምግቡ ምግብ ነው። የሰጠህ ሰው ምን እንደጸለየበት ታውቃለህ?"

በቅንነት ነበር ያሉኝ። ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ስለ ፈውሴ ጸለዩልኝ፤ እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ ወሬው ስለ ልጆች ሠርግ ሆነ። ማሾዬን አንገቴን ደፍቼ በላሁ። መቶ ሰው ባለበት አዳራሽ ብቻን መብላት እንደሚቻል ያን ቀን ነው የተማርኩት።

ለህንዳዊው ሽማግሌ ይህን ስነግራቸው አልጋው ላይ እንድተኛ አደረጉኝ። ለብ ያለ የሰሊጥ ዘይት ከነሐስ ዕቃ በቀጭኑ ግንባሬ ላይ ያፈሱልኝ ጀመር። ዘይቱ ከአንዱ ቅንድቤ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሄዳል፤ በፀጉሬ በኩል ይወርዳል። ለግፊት ጥሩ ነው ይላሉ፤ ጭንቅላትን ያሳርፋል። እኔ የማውቀው፣ ትንሽ ቆይቶ እንባዬ ከዘይቱ ጋር ወደ ጆሮዬ መውረዱን ነው። ምን እንዳስለቀሰኝ መናገር አልችልም። የባለቤቴ ነገር ብቻ አልነበረም። ሽማግሌው ዘይቱንም እንባውንም በአንድ ፎጣ ጠረጉልኝና ለብ ያለ ውኃ አጠጡኝ።

እየበረታሁ መጣሁ። ሱሪዬ ሰፋ፤ ጠዋት ራሴን ማመሙ ቀረ። ይሄኔ ነው ካሬላ ከተጠበሰው ይልቅ ጥሬው ተጨምቆ ቢጠጣ ይበልጣል የሚል ቪዲዮ ያየሁት። አንድ ማለዳ ብርጭቆ ሙሉ ጨምቄ ከስኳር ኪኒኔ ጋር ጠጣሁና ወደ ሥራ ወጣሁ። ጥሪ በጥሪ ላይ መጣ፤ ምሳ አለፈኝ። ተሳፋሪ አድርሼ ሾፌሮች የሚጠብቁበት ቦታ መኪናዬን ሳቆም እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ ሁሉ ብርድ እያለ አላበኝ። የመኪናዬን በር መክፈቻ ፈልጌ አጣሁት።

መስኮቴን ያንኳኳው አጠገቤ የቆመው ሾፌር ነው። የአርሲ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ከኔ በዕድሜ የሚያንስ። ከሰላምታ ሌላ ብዙ አላወራንም ነበር።

"ጋሼ! ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?"

ፊቴን አይቶ ሮጠ፤ ከመኪናው ቴምር አምጥቶ አፌ ውስጥ አደረገልኝ። "አላምጥ፣ አቦ! አላምጥ!" ቀጥሎ ጭማቂ ከፍቶ ሰጠኝ። እናቱ ስኳር ስላለባት ምልክቱን ያውቀዋል። ዓለሙ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። እስኪሻለኝ አጠገቤ ቁጭ አለ፤ ሁለት ጥሪ መጥቶለት ሁለቱንም አሳለፈ። ከዚያ መኪናዬን እዚያው አስቁሞ በራሱ መኪና ክሊኒክ ወሰደኝ።

ሐኪሟ ያን ቀን ከኮምፒውተሯ ዞር ብላ አየችኝ። የምበላውን ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። ካሬላ ስኳር ሊያወርድ እንደሚችል፣ ከኪኒኑ ጋር ሲደራረብ አደገኛ እንደሆነ አስረድታኝ የኪኒኑን መጠን ቀነሰችልኝ። ምግቡን ቀጥል፣ ጭማቂውን ተው፣ ምሳ አትዝለል አለችኝ።

ለሽማግሌው ሳልነግራቸው ማደር አልፈለግኩም። ከቀጠሮዬ ቀን ውጭ፣ በምሳ ሰዓት ደረጃውን ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። አንኳኩቼ ገፋ አደረግሁት። ሽማግሌው መስኮቱ ጋ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ትንሽ የብረት ሳህን ይዘው፣ ሌላው እጃቸው ላይ ስልካቸው፣ ቆመው ይበላሉ። ስልኩ ላይ የሆነ የክሪኬት ጨዋታ ይጮሃል። ሲያዩኝ ሳህኑን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፋቸው።

"ጥሬውን ካሬላ ጠጥቼ ልሞት ነበር" አልኳቸው።

"ብላ አልኩህ እንጂ ጠጣ አልኩህ?" ብለው ጮኹ። ስልኩን አጠፉ፤ እጄን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስተረኩኝ። ተናድደው ነበር፤ ፈርተውም ነበር። ስጨርስ ከድስታቸው ቀንሰው ሰጡኝና ሁለተኛውን ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። በላን። ሩዝና ማሾ ነው፤ ጨው የለውም።

ያን ቀን ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። ወንድ ልጃቸው ኢንጂነር ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ትልቅ ቤት አለው። ባለቤታቸው ብርዱን አልቻለችም፤ አገሯ ተመልሳለች። እሳቸው ልጃቸውን ብለው ቀሩ። "በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው" አሉኝ፤ "መምጣት ሲፈልግ ይደውላል።"

"የኔም ልጅ እንደዚያው ናት" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ አብረን እንበላ ጀመር። አንድ ሳምንት እሳቸው ያበስላሉ፤ አንድ ሳምንት እኔ። የኔ ማሾ እየጣመ መጣ፤ እሳቸው የሰናፍጭ ፍሬ ትኩስ ዘይት ላይ ማፈንዳት አስተማሩኝ፤ እኔ በሶብላ አስለመድኳቸው። ብዙ አናወራም። የእሳቸው እንግሊዝኛ ፈጣን ነው፤ የኔ ቀርፋፋ። ግን ሳህን ላይ አጎንብሰው ሲበሉ ማየት፣ ሲያላምጡ መስማት፣ "ይጨመር?" ሲሉኝ፣ "በቃኝ" ስል፣ ደረቴ ላይ ያለ አንድ ነገር ይፈታል። አንድ ቀን ጣፋጭ ደብቀው ሲበሉ ያዝኳቸው፤ እንደ ልጅ አፈሩ። ግማሹን ሰጡኝ።

ዓመት አልሞላንም። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ አለ። ልጃቸው እናትየው ጋ እንዲመለሱ ወሰነ፤ እሳቸውም አልተከራከሩም። ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ከፊት አጠገቤ ተቀመጡ። መንገዱ ላይ ስለ አብሽ ነው ያወራነው፤ አዝመራው መቼ እንደሚደርስ፣ የትኛው አገር ይሻላል። መግቢያው ላይ ቆመን መኪና ከኋላችን ጥሩምባ ይነፋል፤ ፖሊሱ ቶሎ ውጡ ይለናል። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሻንጣቸውን እየጎተቱ ገቡ። ደህና መግባታቸውን የሰማሁት ከልጃቸው ነው። አልፎ አልፎ የአበባና የፀሐይ ፎቶ ይልኩልኛል፤ ቃል የለበትም። እኔም የበረዶ ፎቶ እልክላቸዋለሁ።

ክፍላቸው ውስጥ አሁን የስልክ ጠጋኝ ገብቷል። በዚያ ሳልፍ ወደ መስኮቱ ቀና እላለሁ።

ባለፈው ጊዜ ክሊኒክ ስሄድ ግፊቴም ስኳሬም ደህና ነው። ሐኪሟ ደስ ብሏት "የምታደርገውን ቀጥልበት" አለችኝ። እቀጥላለሁ። ማለዳ አብሹን እጠጣለሁ፤ ኪኒኔን እውጣለሁ፤ ማሾዬን ሠርቼ በዕቃ እቋጥራለሁ። ጠረጴዛ ገዝቻለሁ፤ አራት ወንበር ነበረው፤ ሁለቱን ልብስ ማስቀመጫ አደረግኋቸው።

ማክሰኞ ሲሆን ግን ቤት መብላት አቃተኝ። በረዶው ሊያልቅ ሲል አንድ ማክሰኞ የሁለት ሰው አበሰልኩና ሾፌሮቹ የሚጠብቁበት ቦታ ይዤ ሄድኩ። የአርሲውን ልጅ መኪናው ውስጥ አገኘሁት።

"ምሳ ይዤ መጥቻለሁ፤ ና እንብላ" አልኩት።

"ጋሼ፣ ረመዳን ነው እኮ" አለ እየሳቀ።

ዘንግቼዋለሁ። ዕቃውን ይዤ ልመለስ ስል "ፀሐይ ስትገባ አብረን እንበላለን" አለኝ። እኔ ደግሞ ከኪኒኔ ጋር ቀን መብላት አለብኝ። ስለዚህ ግማሹን በላሁና ግማሹን አስቀመጥኩለት። ተሳፋሪ አድርሼ፣ እሱም አድርሶ፣ ሊመሽ ሲል ተመለስን። መኪናው ውስጥ ገባሁ። ማሾው ቀዝቅዟል። እሱ ስልኩ ላይ ሰዓቱን ያያል፤ እኔ ሰማዩን። አውሮፕላኖች እየተከታተሉ ከጣራችን በላይ ይወርዳሉ። ሰዓቱ ደረሰ፤ ቴምሩን ቀመሰ፤ ለኔም አንድ ሰጠኝ፤ ሐኪሜ አንዷን አትከለክለኝም ብዬ በላሁ። ከማሾው በማንኪያ ቀመሰ።

"ጋሼ፣ ጨው ረስተሃል።"

"አልረሳሁም፤ ግፊት ነው።"

ሳቀ። ሁለተኛ ማንኪያ፣ ሦስተኛ። ስልኩ ጮኸ፤ ተሳፋሪ ነው፤ የረጅም መንገድ። አየኝ። "ሂድ፣ ሂድ" አልኩት። ዕቃውን ይዤ ወረድኩና መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። መብራቱን አብርቼ፣ ቀሪውን ቀስ እያልኩ፣ እያላመጥኩ ጨረስኩት።